ልጆቻችን በነጻ ስለሚያወርዱት ዘፈንና መጽሐፍ

ውድ ወላጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ባለፈው ሳምንት አሥረኛ ክፍል ገብቼ «ዘፈን ወይም መጽሐፍ ከፍሎ የገዛ አለ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሁለት እጅ ብቻ ወጣ። ሌሎቹ ከቴሌግራም ያወርዳሉ፣ አለዚያም ፍላሽ ይዘው ሱቅ ሄደው ያስጭናሉ። ከሳቢያን ሰፈር የሚመጣ አንድ ልጅ «ቲቸር፣ እኔ ኮፒ ሳደርገው እኮ ከዘፋኙ ላይ ምንም አይጎድልም» አለኝ። ይህ ልጅ የጓደኛው እስክሪብቶ ቢጠፋ ዴስክ ለዴስክ ጎንበስ ብሎ የሚፈልግ ነው። ከልቡ ነው የተናገረው፤ ለዚህም ነው ነገሩ ያሳሰበኝ።

በማግስቱ ተመልሼ ከክፍሉ ጋር አወራሁ። ዘፋኙ ለስቱዲዮ፣ ለአቀናባሪው፣ ለግጥምና ለዜማ ደራሲው የሚከፍለው ገና አንድ ዘፈን ሳይሸጥ ነው፤ ያ ገንዘብ ካልተመለሰለት ቀጣዩን ሥራ በምን ይሠራዋል? የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መብቱን ለደራሲው ዕድሜ ልኩን፣ ከሞተም በኋላ ለወራሾቹ 50 ዓመት ይሰጣል። የድሬ ልጅ ዓሊ ቢራ ያረፈው በ2015 ዓ.ም. ነው። እሱ ራሱ የደረሳቸው ዘፈኖች እንግዲህ ገና ለብዙ ዓመት የወራሾቹ ናቸው ስላቸው ክፍሉ በሙሉ ተገረመ። ሆን ብሎ መብት መጣስ እንደሚያሳስርም ነግሬያቸዋለሁ፤ ግን ፈርተው እንዲተውት አልፈልግም።

እኛም ጋ ጥፋት አለ። አንድ አጋዥ መጽሐፍ ገዝተን ሙሉውን ፎቶኮፒ አድርገን ለክፍሉ ያደልንበት ጊዜ ነበር፣ ልጆቹም አይተውናል። አዋጁ ለማስተማር ተገቢውን ያህል ብቻ መቅዳት ይፈቅዳል። ስለዚህ ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ ሙሉ መጽሐፍ አናባዛም።

እናንተስ? መጀመሪያ ሳትቆጡ ጠይቁ፤ ከየት አመጣኸው፣ የማን ሥራ ነው በሉ። ዘፈን ዩቲዩብ ላይ ከዘፋኙ ከራሱ ቻናል ቢያዩት ከማስታወቂያው ገቢ የሚደርሰው ለባለቤቱ ነው፣ ልጁም አይከፍልም። አጋዥ መጽሐፍ ውድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ በተለይ ሦስት አራት ልጅ ለምታስተምሩ፤ ሁለት ቤተሰብ አዋጥቶ ቢገዛና ልጆቹ እየተዋዋሱ ቢያነቡት ምንም ነውር የለውም። ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ በፒዲኤፍ ያወጣቸውን የተማሪ መጻሕፍት ደግሞ ያለ ሐሳብ ያውርዱ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ልጁ የሚያስጭንበት ፍላሽ ብዙ ጊዜ የአባቱ ነው፣ ውስጡ ያለው ፊልምም እንደዚያው።

ቅዳሜ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ግቢያችን ውስጥ እንገናኝ። ቤት የተቀመጠ፣ ልጆቻችሁ የጨረሱት አጋዥ መጽሐፍ ካለ ይዛችሁልን ኑ፤ ቤተ መጻሕፍታችን መዝግቦ ያውሰዋል።

አክባሪያችሁ
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር
ድሬዳዋ