ከቡና ገለፈት የወጣ አረፋ፦ የሳይንስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን ውሎ አዳሩ ከቡና ገለፈት ጋር ነበር። ነገሩ የተጀመረው ኅዳር ላይ ነው። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ጎማ ወረዳ ዘመዶቿ ጋ ሰንብታ ስትመለስ «ቲቸር፣ ወንዙ ሸተተኮ» አለችኝ። ጅማ ዙሪያ ያደገ ሰው ቡና በሚለቀምበት ሰሞን ይህን ሽታ ያውቀዋል። እሸት ቡና ሲፈለፈል ከቀዩ ፍሬ ክብደት 40 በመቶ ያህሉ ገለፈት ሆኖ ይቀራል። ገለፈቱና እጣቢው ወንዝ ከገቡ እዚያው ይብላላሉ፤ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሱታል።

የሚብላላው ስኳር ስላለው ነው። ስኳር ካለ ደግሞ ባክቴሪያ ይመገበዋል። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ሲያድጉ ሰርፋክታንት ይሠራሉ። አንዱ ጫፉ ውሃ፣ ሌላው ጫፉ ዘይት የሚወድ ሞለኪውል ማለት ነው፤ ሳሙና ቅባት የሚያስለቅቀው በዚሁ ባሕርይው ነው። ልጆቹ ይህን ስነግራቸው ወዲያው እንዶድን አነሱ። እውነታቸውን ነው። እናቶቻችን ጋቢ ያጠቡበት የእንዶድ አረፋም ከተክል የሚገኝ ሰርፋክታንት ነው። ዶ/ር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 እንዶድ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አድዋ ላይ ያስተዋሉት፣ ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ ዳር ነበር።

ባክቴሪያ መምረጡ ላይ ግን ጥብቅ ሆንኩ። ራምኖሊፒድ የሚባለውን ሰርፋክታንት የሚሠራው ሲውዶሞናስ ኤሩጂኖሳ አቅሙ የደከመ ሰው ላይ በሽታ ያመጣል። ትምህርት ቤት አይገባም አልኩ። የወሰድነው ባሲለስ ሰብቲሊስን ነው፤ አፈርና ጭድ ላይ የሚኖር ነው። ከአፈርም አልለቀምነውም፤ ምንነቱ የታወቀ ንጹሕ ዘር ከአንድ የዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ለምነን አገኘን። እሱ የሚሠራው ሰርፋክታንት ሰርፋክቲን ይባላል። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ይፋ ያደረጉት ነው። የውሃን የገጽ ውጥረት፣ ማለትም ገጹን እንደ ቆዳ ወጥሮ የሚይዘውን ኃይል፣ ከ72 ወደ 27 ሚሊኒውተን በሜትር ያወርዳል።

ባክቴሪያውን በገለፈት ውሃ ልናሳድግበት ያዘጋጀናቸው የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ሻጋታ ለበሱ። ገለፈቱ ጆንያ ውስጥ ለቀናት ታፍኖ ቆይቶ ነበር። ከዚያ በኋላ በመጣበት ቀን ፀሐይ ላይ ማስጣት ጀመርን። የገለፈቱንም ውሃ በፕሬሸር ድስት አፈላነው። ጅማ ላይ ውሃ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ፣ ስፖርን፣ ማለትም ሙቀት የሚቋቋመውን የረቂቅ ተሕዋስያን ዘር፣ በተራ ድስት መግደል አይቻልም። ለናይትሮጅን ትንሽ ዩሪያ ጨመርን፤ አየር በዓሣ ማርቢያ ፓምፕ አስገባን።

ጥር ላይ አንድ ጠዋት ላብራቶሪውን ስንከፍት አረፋው ከጠርሙሱ ገንፍሎ ጠረጴዛው ላይ ፈሷል። ልጆቹ ጨፈሩ። እኔም አብሬ። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ግን ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና «ቲቸር፣ አረፋው የቡናው የራሱ ቢሆንስ?» አለ።

ለእኔ የዓመቱ ትልቁ ነገር ይህ ጥያቄ ነው። የቡና ገለፈት ፔክቲን አለው፤ ፔክቲን አረፋ ያቆያል። ስለዚህ ሁለተኛ ጠርሙስ ሠራን። ገለፈቱ ያው፣ ዩሪያው ያው፣ አየሩ ያው፤ ባክቴሪያ ብቻ የለበትም። ለሁለቱም እኩል ቀን ሰጠን።

በፈተናው ቀን ሁለት ሰፋፊ ሳህን ውሃ ሞላን። ከባጃጅ ጋራዥ የመጣ የተቃጠለ ዘይት ጠብ ጠብ አደረግንበት፤ ጥቁር ስስ ሽፋን ሆነ። ጠያቂው ልጅ ራሱ ባክቴሪያ ከሌለበት ጠርሙስ አንድ ጠብታ መሃሉ ላይ ጣለ። ዘይቱ ትንሽ ነቅነቅ አለና ባለበት ቀረ። ከሌላኛው ጠርሙስ ሲጥል ግን ዘይቱ ወደ ሳህኑ ጠርዝ ሸሸ። መሃሉ ላይ ጥርት ያለ ክብ ውሃ ተከፈተ፣ የሳህኑ አበባ ሥዕል እስኪታይ ድረስ። ማንም አልጮኸም፤ ሁሉም አንገቱን ሰግጎ ያያል።

በላምባም ደገምነው። እኩል ላምባና እኩል ፈሳሽ ለሁለት ደቂቃ ንጠን 24 ሰዓት አቆየን። ባክቴሪያ የሌለበት ተለያይቶ አደረ። የእኛው ግን ላምባውና ፈሳሹ የተዋሃዱበት፣ ሁለት ጣት ያህል ወተት የመሰለ ንብርብር ይዞ ቆየ።

ሳሙና ሠርተናል አልልም። ያገኘነው ቡናማ ፈሳሽ ነው፤ ንጹሑን ለይቶ ማውጣት ገና ይቀረናል። ዓለም ላይም ያስቸገረው ይኸው ነው፤ መለየቱና የሚገነፍለው አረፋ ወጪ ያስወጣሉ፣ የባክቴሪያው ቀለብም እንዲሁ። ኢቮኒክ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2024 ስሎቫኪያ ውስጥ የከፈተው የራምኖሊፒድ ፋብሪካ ቀለቡ የበቆሎ ስኳር ነው። ይህን ስነግራቸው ጎማ የነበረችው ልጅ «በቆሎ እኮ ይበላል፤ የእኛው የሚጣል ነው» አለች። ይህ አባባሏ ከብዙ ገጽ ማብራሪያ ይሻለኛል።

ከአባላቱ ሦስቱ 12ኛን ጨርሰው ይሄዳሉ። መዝገቡንና የፓምፑን አያያዝ ለታናናሾቹ አስረክበዋል። ያሳደግነውን ሁሉ በፕሬሸር ድስት ገድለን ደፍተናል። የደረቀው ገለፈት በሁለት ጆንያ ከላብራቶሪው በር ጀርባ አለ። የጽዳት ሠራተኞቻችን ቆሻሻ መስሏቸው እንዳይጥሉት፣ የ9ኛ ክፍሉ ልጅ «የክበብ ንብረት» ብሎ ጽፎ ለጥፎበታል።