የታሪክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ 137 የኮንጎ ወንበሮች

የዘንድሮውን ሥራችንን ያስጀመረችው አንዲት የክበባችን አባል ናት። ኮንጎ ዘምተው የነበሩትን አያቷን ፎቶግራፍ ይዛ መጥታ “አያቴ እዚያ ድረስ ለምን ሄዱ?” ስትል ጠየቀች። መልሱን ስንፈልግ ከዘመቻው ቀድሞ ወደተደረገው ነገር፣ ማለትም የቤልጂክ ኮንጎ ሕዝብ ነጻነቱን ሊቀዳጅ አንድ ወር ያህል ሲቀረው በግንቦት 1952 ዓ.ም. ወዳካሄደው የመጀመሪያ አገር አቀፍ የምክር ቤት ምርጫ ደረስን፤ መንፈቅ ዓመቱንም በሙሉ በዚሁ አሳለፍን።

ተማሪዎቹን ከሁሉ በላይ ያስገረማቸው የጊዜው ማጠር ነበር። የነጻነቱ ቀን ለሰኔ 23 የተቆረጠው በዚያው ዓመት ጥር ወር ብራሰልስ ላይ በተከፈተው የክብ ጠረጴዛ ጉባኤ ሲሆን፣ የነጻነት ታጋዩ ፓትሪስ ሉሙምባም ጉባኤው ላይ የተገኙት ከእስር ተፈትተው ነው። የማዘጋጃ ቤት ምርጫ እንኳ በሊዮፖልድቪል (በዛሬዋ ኪንሻሳ) እና በሌሎች ሁለት ከተሞች ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በ1950 ነበር።

ምርጫውን በክፍል ውስጥ ስንደግመው፣ በኮንጎ ድምፅ የሰጡት ወንዶች ብቻ ስለነበሩ ከ32 አባሎቻችን 19ኙ ሴቶች ዳር ይዘው እንዲቀመጡ ግድ ሆነ። ያን ዕለት የነበረውን ዝምታ አልረሳውም። ፓርቲ ባልነበረበት በአገራችን እንኳ በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሴቶች የመምረጥ መብት መስጠቱን ራሳቸው ፈልገው አግኝተው በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ጻፉት።

ከዚያ በኋላ ሁሉም አባላት በተሳተፉበት ሥራ የተወካዮች ምክር ቤቱን 137 ወንበሮች በባለ ቀለም ካርድ ሠርተን ለፓርቲዎቹ አከፋፈልን። የሉሙምባ ፓርቲ ከሁሉ ቢልቅም ከአጋሮቹ ጋር እንኳ ሲሶውን አልሞላም፤ መንግሥት ለመመሥረት ደግሞ 69 ያስፈልግ ነበር። ድርድሩ ሦስት ሳምንት ፈጀብን። አባኮ የተባለውን ፓርቲ የወከሉት ተማሪዎች የርእሰ ብሔርነቱ ሥልጣን ካልተሰጠን አንገባም ብለው ጸኑ፤ በእውነተኛውም ታሪክ የሉሙምባ መንግሥት በ74 ድምፅ ሲጸድቅ የአባኮው መሪ ጆሴፍ ካሳቩቡ በምክር ቤቶቹ ርእሰ ብሔር ሆነው ተመርጠዋል። ለኮንጎ መከራ ምርጫውን ተጠያቂ የሚያደርጉ አሉ፤ እኔ ግን አልቀበለውም። መራጩ የተጠየቀውን ፈጽሟል። ያልተዘጋጀው፣ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ መኮንኖቹ ሁሉ ቤልጂጎች የነበሩበት ሠራዊት ነው። ነጻነቱ ከታወጀ ሳምንት ሳይሞላው ሠራዊቱ አመፀ፤ ሐምሌ 4 ቀን የኮንጎ ክፍለ ሀገር የሆነችው ካታንጋ መገንጠሏን አወጀች፤ የኢትዮጵያ ወታደሮችም በተባበሩት መንግሥታት ጥሪ ወደዚያ የዘመቱት በዚህ ምክንያት ነው።

በሰኔ ወር አያትየው በክበባችን ተገኝተው ካርዶቹን ለረጅም ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ የካታንጋዎቹ የትኞቹ እንደሆኑ ጠየቁ። የልጅ ልጃቸው የሞይስ ቾምቤን ፓርቲ የኮናካትን ስምንት ካርዶች ነጥላ በእጃቸው ላይ አኖረችላቸው።