የአፍሪካ ዋንጫ ለተመልካቾቹ የሚሆን ሰዓት ይኑረው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ከታኅሣሥ 12 እስከ ጥር 10 ቀን 2018 ዓ.ም. በሞሮኮ ስለተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ውጤቱም፣ ስለ ዳኝነቱም፣ ስለ ስታዲየሞቹ ውበትም አንብበናል። ውድድሩ የተያዘለት ወርና ሰዓት እኛን ተመልካቾቹን እንዴት እንደጎዳን ግን የጻፈ ሰው አላጋጠመኝም። በባሕር ዳር የምንኖር የእግር ኳስ ወዳጆች በዚያ ወር የገጠመንን ጋዜጣችሁ ለሚመለከታቸው አካላት እንዲያደርስልን በማክበር እጠይቃለሁ።

ታኅሣሥ 18 ቀን ቅዳሜ ነበር። ሽምብጥ አካባቢ በምናዘወትረው የኳስ ማሳያ ቤት በር ላይ የዕለቱ ጨዋታዎች እንደወትሮው በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተጽፈዋል። ምሽት 12 ሰዓት ላይ አርሰናል ከብራይተን፣ በዚያው 12 ሰዓት ሊቨርፑል ከዎልቭስ፣ አሁንም በዚያው 12 ሰዓት በታንጀር ከተማ ሴኔጋል ከዲሞክራቲክ ኮንጎ ይጫወታሉ። በቤቱ ውስጥ ያሉት ቴሌቪዥኖች ሁለት ብቻ በመሆናቸው አንዱ ለአርሰናል፣ ሌላው ለሊቨርፑል ተሰጠ። ሴኔጋልን ለማየት የመጣን ጥቂት ሰዎች ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን፣ ኔትወርኩ እሺ ባለ ጊዜ ብቻ ከሚከፍት የአንድ ወጣት ስልክ ላይ ውጤቱን እየጠየቅን ዘጠናውን ደቂቃ ጨረስን። ጨዋታው አንድ ለአንድ ተጠናቀቀ፤ ግቦቹ እንዴት እንደገቡ አላየንም። ምሽት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ ጎረቤቶቻችን ኡጋንዳና ታንዛንያ ሲገናኙ በዚያው ደቂቃ ቼልሲ ከአስቶን ቪላ ጀመረ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓርብም ምሽት 5 ሰዓት ላይ አዘጋጇ ሞሮኮ ከማሊ ስትጫወት፣ ማንችስተር ዩናይትድ ከኒውካስል በዚያው ሰዓት ሜዳ ላይ ነበር። የዩናይትዱ ተከላካይ ኑሴር ማዝራዊ በሞሮኮ ስብስብ ውስጥ በነበረበት ምሽት፣ ደጋፊው አገሩንና ክለቡን በአንድ ጊዜ ሊያይ የሚችልበት መንገድ አልነበረም።

የማሳያ ቤቱን ባለቤት አልወቅስም። የቤት ኪራይ አለበት፤ የዲኤስቲቪ ወርሃዊ ክፍያ አለበት፤ ቤቱን የሚሞሉለት ወጣቶችም የሚጠይቁት አርሰናልንና ሊቨርፑልን ነው። ወጣቶቹንም አልወቅስም፤ ሳምንት በሳምንት ሲከታተሉት የኖሩት ውድድር ነውና። የምቃወመው ከዚህ ተነሥቶ «አፍሪካዊው ተመልካች የራሱን ዋንጫ አይወድም» የሚለውን ፍርድ ነው። አንድ ሰው መረጠ የሚባለው ሁለቱም ነገር ሲቀርብለት ነው። በየቤቱ ብዙ ቴሌቪዥንና ፈጣን ኢንተርኔት ያለው ተመልካች ሁለት ጨዋታ በአንድ ሰዓት ቢደረግበት አንዱን በቀጥታ፣ ሌላውን ቆይቶ ያየዋል። መቶ ሰው በሁለት ቴሌቪዥን ዙሪያ በሚሰበሰብበት ከተማ ግን ሦስተኛው ጨዋታ እንዳልተደረገ ይቆጠራል። በቅዳሜ ሦስት ጨዋታ የሚያዩት ልጆች ያን ዕለት ሴኔጋል ስትጫወት ቢያዩ ኖሮ፣ ለሚቀጥለው የሴኔጋል ጨዋታ ራሳቸው «ይከፈትልን» ብለው በጠየቁ ነበር ብዬ አምናለሁ። በ2012 ዓ.ም. ኅዳር ወር ዋልያዎቹ በባሕር ዳር ስታዲየም ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ሲያሸንፉ የነበረውን ሕዝብ ያየ ሰው፣ የዚህ ከተማ ሰው ለአፍሪካ እግር ኳስ ልብ የለውም ሊል አይችልም።

ለመሆኑ ነገሩ እንዴት እዚህ ደረሰ? የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) እ.ኤ.አ. በ2017 ዋንጫው ከጥር ወጥቶ በሰኔና በሐምሌ እንዲካሄድ የወሰነው ከአውሮፓ ሊጎች ጋር እንዳይጋጭ ብሎ ነበር። በዚያ ውሳኔ መሠረት የተካሄደው ግን እ.ኤ.አ. የ2019ኙ የግብፅ ውድድር ብቻ ነው። የካሜሩንና የኮትዲቯር ውድድሮች በአገሮቹ የዝናብ ወቅት ምክንያት ወደ ጥር ተመለሱ፤ ይህ ምክንያት የተፈጥሮ ስለሆነ ማንም ሊከራከርበት አይገባም። የሞሮኮው ግን ከዝናብ ጋር ግንኙነት አልነበረውም። ፊፋ የክለቦች ዓለም ዋንጫን ወደ 32 ቡድን አሳድጎ እ.ኤ.አ. ከጁን 14 እስከ ጁላይ 13 ቀን 2025 በአሜሪካ ሲያካሂድ፣ በዚያው ክረምት ሊደረግ ታስቦ የነበረው የአፍሪካ ዋንጫ ቦታውን ለቀቀ። የቀረው ክፍት ጊዜ ታኅሣሥ ነው ተባለ፤ ታኅሣሥ ደግሞ የእንግሊዝ ሊግ ጨዋታ እጅግ የሚበዛበት ወቅት ነው። በዚህም ላይ ክለቦች ተጫዋቾቻቸውን ለብሔራዊ ቡድኖች የሚለቁበት ቀን ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ከዲሴምበር 8 ወደ 15 ተገፋ። አሠልጣኞቹ ቡድናቸውን ለማዘጋጀት አንድ ሳምንት እንኳ አልሞላላቸውም። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም፤ ካፍ የራሱን ዋንጫ ሌሎች በተረፋቸው ጊዜ ውስጥ ማስቀመጥን ከለመደ የእንግሊዝ ሊግ እንዲያከብርለት ሊጠብቅ አይችልም።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ ለእኛ ለብቻው ይከብዳል። ጥሎ ማለፉ ከተጀመረ በኋላ የማታዎቹ ጨዋታዎች በአብዛኛው በእኛ አቆጣጠር ምሽት 4 ሰዓት ላይ ነበሩ። የዋንጫው ባለቤት የነበረችው ኮትዲቯር ከቡርኪናፋሶ ጋር የተጫወተችው ታኅሣሥ 28፣ በገና ዋዜማ ምሽት፣ ምእመኑ ለሌሊቱ ጸሎት ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚጓዝበት ሰዓት ነው። የፍጻሜው ጨዋታ የተደረገው ደግሞ ጥር 10፣ በከተራ ዕለት ነው። ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ወርደው ከተማው በሙሉ ውጭ በሚያድርበት ምሽት ሞሮኮና ሴኔጋል ምሽት 4 ሰዓት ላይ ጀምረው፣ በተጨማሪ ሰዓት ምክንያት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ጨረሱ። አህጉሩ ሰፊ ስለሆነ ካፍ የኢትዮጵያን በዓላት ተከትሎ መርሐ ግብር እንዲያወጣ አልጠይቅም፤ ውድድሩ መጀመሪያ በተያዘለት ክረምት ቢካሄድ ኖሮ ግን ይህ ሁሉ ባልተነሣ ነበር። በዓል ባይሆንም እንኳ ከምሽቱ 5 ሰዓት የተጀመረ ጨዋታ የሚያበቃው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ነው፤ በዚያ ሰዓት ከሽምብጥ ወደ ዓባይ ማዶ የሚወስድ ባጃጅ አይገኝም፤ ወላጅም ልጁን አይልክም። ስለ ሴቶች ተመልካቾች ደግሞ የሚያስብ ያለ አይመስለኝም። በቀን ጨዋታ ጊዜ ከእኛ ጋር የሚቀመጡት ተማሪዎች በምሽቱ ጨዋታዎች አንዷም አትታይም ነበር።

ለእኛ ቴሌቪዥኑ ስታዲየማችንም ጭምር መሆኑ መዘንጋት የለበትም። የአገራችን ስታዲየሞች የካፍን መስፈርት አላሟሉም ተብለው ከታገዱ ወዲህ ብሔራዊ ቡድናችን «በሜዳው» የሚባለውን ጨዋታ በማላዊ፣ በሞሮኮና በሌሎች አገሮች ሲያደርግ ቆይቷል። የዚህ ከተማ ልጅ ዋልያዎቹን በዓይኑ ያየው በ2013 ዓ.ም. ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ሲያሸንፉ በነበረበት ዘመን ነው፤ ዛሬ አሥር ዓመት የሆነው ሕፃን ያን አያስታውስም። የአፍሪካን እግር ኳስ የሚያውቅበት መንገድ ያ ቴሌቪዥን ብቻ ሆኖ ሳለ እሱም በሰዓት ግጭት ከተወሰደበት፣ ነገ የአህጉሩን ቡድኖች ስም የሚያውቀው ተጫዋቾቻቸው ከአውሮፓ ክለብ ሲጎድሉ ብቻ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ውድድሩ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው የካፍ ፕሬዚዳንት ፓትሪስ ሞትሴፔ በራባት የሰጡት መግለጫ ነው። የአፍሪካ ዋንጫ እ.ኤ.አ. ከ2028 በኋላ በየአራት ዓመቱ እንደሚሆንና በምትኩ ከ2029 ጀምሮ በየዓመቱ የአፍሪካ ኔሽንስ ሊግ እንደሚጀመር ተናገሩ። የቀን መቁጠሪያው ግጭት መፍትሔ ሆኖ የቀረበው እንግዲህ የእኛን ዋንጫ ማሳነስ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1957 በካርቱም ይህን ውድድር ከሱዳንና ከግብፅ ጋር የጀመረች፣ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ያነሣች፣ በይድነቃቸው ተሰማ በኩል ካፍን ለአሥራ አምስት ዓመት የመራች አገር ናት። ይህ ሁሉ ታሪክ እያለን እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 2013 ድረስ ለሠላሳ አንድ ዓመት ከውድድሩ ርቀናል። ማጣሪያው በየሁለት ዓመቱ ሲሆን የወደቀ ቡድን ቶሎ ሌላ ዕድል ያገኛል፤ በየአራት ዓመቱ ሲሆን አንድ ጥሩ የተጫዋቾች ትውልድ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። የኔሽንስ ሊጉ ገንዘብ ያመጣ ይሆናል፤ ተመልካቹ በጉጉት የሚቆጥረውን ዋንጫ ግን አይተካም።

ስለዚህ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በሚቀጥለው የካፍ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ እንዲያነሣልን የምንፈልገው ጉዳይ አለ። የወር ግጭትን ማስቀረት ካልተቻለ የሰዓት ግጭትን ማስቀረት ይቻላል። የእንግሊዝ ሊግ የጨዋታ ሰዓቶች ከሳምንታት በፊት ይታወቃሉ፤ የምድብ ጨዋታ መጀመሪያን በአንድ ሰዓት ተኩል ማስቀደም ወይም ማዘግየት የቴሌቪዥን ባለመብቶችን አይጎዳም፤ እንዲያውም ተመልካች ይጨምርላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2027 በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛንያ እንዲካሄድ የታቀደው ውድድር ሰዓቱ ከእኛ ሰዓት ጋር አንድ ስለሆነ ለዚህ ጥሩ መጀመሪያ ነው፤ ጨዋታዎቹ ለአውሮፓ ተመልካች ሲባል ወደ እኩለ ሌሊት እንዳይገፉ ፌዴሬሽኑ ከጎረቤት አቻዎቹ ጋር ከወዲሁ ሊነጋገር ይገባል። የአራት ዓመቱን ውሳኔም መሥራች አገር እንደመሆናችን በዝምታ ልናሳልፈው አይገባም።

ጋዜጣችሁም የሚያግዘን ነገር አለ። በዚያ ወር በየስልኩ የሚዞረው መርሐ ግብር አንዱ በግሪንዊች፣ አንዱ በሞሮኮ፣ ሌላው በእኛ ሰዓት የተጻፈ ስለነበር ተመልካቹ ባልሆነ ሰዓት እየመጣ ይመለስ ነበር። በሚቀጥለው ውድድር ሙሉ መርሐ ግብሩን በኢትዮጵያ ቀንና ሰዓት አስቀድማችሁ ብታትሙልን የማሳያ ቤቶቹ ባለቤቶች ቆርጠው በራቸው ላይ ይለጥፉታል፤ እኛም ለየትኛው ጨዋታ አንድ ቴሌቪዥን እንዲለቀቅልን በጊዜ ተሰባስበን እንጠይቃለን። የሽምብጡ ቤት ባለቤት ሃያ ሰው አስቀድሞ ከተመዘገበ የአፍሪካን ጨዋታ ለመክፈት ፈቃደኛ መሆኑን ነግሮናል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የእግር ኳስ ተመልካች
ከባሕር ዳር