ጋኑን ከፍተሽ አላየሽም

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ለምወድሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ «አለቃ ከሆንሽ በኋላ ድካምሽ ለምን ባሰ?» ብለሽኝ ነበር። ያኔ መልስ አልነበረኝም።

በሆቴሉ ክፍል የሚያጸዱ 6 ሴቶች በእኔ ሥር አሉ። እያንዳንዷ በ8 ሰዓት ሥራ 14 ክፍል ታዘጋጃለች። እንግዳ ከመግባቱ በፊት ሁሉንም የማየው እኔ ነበርኩ። አልጋው ላይ ትንሽ መጨማደድ ካየሁ ሠራተኛዋን አልጠራም፤ አንሶላውን ገፍፌ ራሴ አነጥፋለሁ። ይህ ትጋት ይመስለኝ ነበር። እንግዶች ግን ሻንጣቸውን ይዘው ታች ይቆማሉ፤ የጸዳው ክፍል የእኔን ዓይን ይጠብቃል።

አንድ ቀን ከኤል ሳልቫዶር የመጣች ነባር ሠራተኛ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። «ጉድለቴን ሳትነግሪኝ ሥራዬን ታፈርሻለሽ» አለችኝ። በጣም አፈርኩ።

ትዝ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። እህቴን ስትድሪ ጠላውን ለጎረቤታችን፣ ዶሮውን ለአክስቴ፣ ማስተናገዱን ለሰፈሩ ወጣቶች ሰጠሽ። ምን እንደምትፈልጊ አንዴ ከተናገርሽ በኋላ ጋኑን ከፍተሽ አላየሽም። የወጡን ጨው ግን ራስሽ ቀመስሽ።

እኔም እንደዚያ አደረግኩ። ከሴትየዋና ከሌሎች ሁለት ነባሮች ጋር ክፍል ለክፍል ዞረን ምን መታየት እንዳለበት ተስማማን፤ በገላ መታጠቢያው የቀረ ፀጉር፣ ከአልጋ ሥር የተረሳ ዕቃ፣ የፎጣው ቁጥር። አሁን የራሳቸውን ክፍል ራሳቸው አይተው ይለቃሉ። እኔ በቀን ከየሰዉ ሁለት ክፍል ብቻ አያለሁ። ስህተት ሳገኝ እጠራታለሁ እንጂ እጄን አላስገባም። እማዬ፣ ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ፎጣ የጎደለው እንግዳ ቅሬታ ሲያቀርብ ሥልጣኑን ልነጥቃቸው ምንም አልቀረኝም ነበር። ታገሥኩ።

በተረፈኝ ጊዜ የሠራተኛ ድልድልና የወጪ አያያዝ ተማርኩ። ሥራ አስኪያጇ አሁን ለምክትልነት እንዳመለክት ነግራኛለች። ቀድሞ ያላሰበችኝ፣ እኔ ከተነሳሁ ፎቁን የሚይዝ ሰው ስላልነበረ መሆኑንም አልደበቀችኝም።

ደግሞ ለወንድሜ ይህን ንገሪልኝ። ስለ ቤቱ ሥራ በየቀኑ እየደወልኩ «ስንት ኩንታል ሲሚንቶ ገባ?» እያልኩ አስጨንቄዋለሁ። ከእንግዲህ ግንበኛውን እሱ ይቅጠር፣ ቆርቆሮውንም እሱ ይምረጥ። እኔ ሒሳቡን በወሩ መጨረሻ አያለሁ።

የምትወድሽ ልጅሽ