ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት እናታችሁን ጠይቁ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጎንደር ቁስቋም አካባቢ ከአረጋዊት እናቴ ጋር የምኖር ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። በየዓመቱ የትንሣኤ በዓል ካለፈ በኋላ በውጭ አገር የሚኖሩ ልጆቻችን ለክረምቱ ወደ አገር ቤት ለመምጣት መሰናዳት ይጀምራሉና፣ ስለዚህ ዝግጅት ከተቀባዩ ቤት በኩል ጥቂት እንድጽፍ ይፈቀድልኝ። ስለ ሻንጣ ክብደትና ስለ ቲኬት ዋጋ የሚመክር ሰው ሞልቷል። እኔ የማነሳው የመምጫው ቀን የሚቆረጠው እዚህ ያለውን ቤት ሳይጠይቁ መሆኑን፣ ከዚያም አልፎ «ሰርፕራይዝ» በሚባለው ልማድ ጭራሹኑ ሳይናገሩ በር ማንኳኳት መለመዱን ነው።

ታናሽ ወንድሜ በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ ከባለቤቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ይኖራል። በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ 6 ቀን ለማንም ሳይናገር ቤተሰቡን ይዞ መጣ። ዕለቱ ሰኞ፣ ጊዜውም ፍልሰታ ነበርና እኔም እናቴም ቤተ ክርስቲያን ነበርን፤ በፍልሰታ ደግሞ በሥራ ቀን ቅዳሴው የሚያበቃው ከሰዓት በኋላ እንደሆነ አንባቢ ያውቃል። በራችን ተቆልፏል፣ ስልካችን ተዘግቷል፣ ዝናቡ ይወርዳል። አንዲት ጎረቤታችን አይታ ከነስምንት ሻንጣቸው ቆርቆሮዋ ሥር እስክታስጠልላቸው ድረስ ልጆቹ በነጠላ ጫማና በአጭር ሱሪ ቆመው ሲንቀጠቀጡ ቆዩ።

እናቴ ነጠላዋን መስቀለኛ እንዳጣፋች ከበሩ ስትደርስ የልጇን ፊት አየች። እልል ትላለች ተብሎ ሲጠበቅ አንዲት ቃል ሳትናገር ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። የወንድሜ ባለቤት ይህን ሁሉ በስልኳ ትቀርጽ ነበር። ቪዲዮውን ኋላ ላይ አይቼዋለሁ፤ እንባው የደስታ ይመስላል፣ የደስታም ነበር። በቪዲዮው ውስጥ የሌለው ግን የዚያኑ ዕለት ማታ የደም ግፊቷ አሻቅቦ በባጃጅ ክሊኒክ ይዘናት መሮጣችን ነው።

የጤናው ነገር ካለፈ በኋላም እናቴን ለወራት ሲያብሰለስላት የኖረው ሌላ ነው። ልጇ ከስንት ዓመት በኋላ ከነልጆቹ መጥቶ የቀረበለት ሽሮና የሱፍ ፍትፍት ነው። ጾሙ የተፈታው ነሐሴ 16 ቀን ሐሙስ ነው፤ ማግስቱ ዓርብ ሆነ፤ ቅዳሜ ደግሞ ሻንጣቸውን ዘግተው ሄዱ። ከአሥራ ሦስት ቀን ቆይታ ውስጥ ዶሮ ወጥ ከልጇና ከልጅ ልጆቿ ጋር በአንድ ገበታ የበላችው አንድ ቀን ብቻ ነው። ሕፃናቱ እኮ አይጾሙም፣ ለእነሱ ለብቻ ይሠራላቸው ነበር የሚል ይኖራል። ይቻላል፤ ግን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በሚጾምበት በፍልሰታ እንቁላል ጠብሶ ለእንግዳ ልጅ ብቻ ማቅረብ ለአያት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ያመጡት ቸኮሌት እንኳ ወተት አለበት ተብሎ የጎረቤት ልጆች በየቤታቸው በላስቲክ ቋጥረው አስቀመጡት። አንዱ ልጅ በየቀኑ እየመጣ የእሱ ድርሻ በአይጥ አለመበላቱን እንድናይለት ይጠይቀን ነበር፤ እናቱን አላመናትም መሰለኝ ያስቀመጠው እኛ ዘንድ ነው።

እንግዲህ ነገሩ በጣም ቀላል ስሌት ነበር። የሰኔ ጾም ሐምሌ 5 ቀን ይፈታል፤ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ቀን ይገባል። ከሐምሌ 5 ጀምሮ በመካከሉ ያሉት ሃያ ስድስት ቀናት፣ ረቡዕና ዓርቡ ሲቀነስ፣ የቤተሰብ ገበታ ያለ ሐሳብ የሚዘረጋባቸው ናቸው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከጁላይ 12 እስከ ኦገስት 6 ማለት ነው፤ የዚያ አገር ትምህርት ቤቶች ደግሞ በዚያን ጊዜ ዝግ ናቸው። ወንድሜ አንድ ጊዜ ደውሎ ቢጠይቅ ኖሮ እናቴ የዘመን መቁጠሪያ ሳታይ ትነግረው ነበር። የሥራ ፈቃድ እንደ ልብ እንደማይገኝ፣ የበረራ ዋጋም በየሳምንቱ እንደሚለዋወጥ ይገባኛል። ምርጫ የሌለው ሰው በፍልሰታም ቢሆን ይምጣ እንጂ አይቅር፤ ግን አውቆ ይምጣ።

ፍልሰታም ቢሆን የራሱ ጸጋ አለው። በዚያው ዓመት የቡሄ ዕለት ሰባት ዓመቷ የነበረችው የወንድሜ ልጅ ከሰፈሩ ወንዶች ልጆች ጋር «ሆያ ሆዬ» እያለች በየበሩ ዞራ፣ ሙልሙሏን በሹራቧ ጠቅልላ፣ ድምጿ ተዘግቶ ተመለሰች። ጅራፍ ማጮህ ሞክራ የራሷን ጆሮ ገርፋለች። እስካሁን በስልክ ስናወራ ስለ ፋሲል ግንብ አንድ ቀን እንኳ አንስታ አታውቅም፤ ስለዚያች ማታ ግን አሁንም ትጠይቀኛለች።

ጾሙን ብናልፈው እንኳ የፀሐይ ነገር አለ። ከውጭ የመጣ ልጅ ባዶ እጁን አይመለስም፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ይጫንለታል። አብዛኛው ደግሞ ያለ ፀሐይ አይሆንም። ዛላው ተቀንጥሶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋር ተደልዞ ያድራል፤ ድልዙ እንደገና ይሰጣል፤ ከዚያ ኮረሪማውና አዝሙዱ ተቆልቶ ይገባበትና ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ድርቆሹም እንዲሁ ነው። ጎንደር ላይ ክረምቱ ከገባ በኋላ ሰፌድ አውጥቶ የሚያምኑት ፀሐይ የለም፤ ደመናው ገለጥ ሲል አሰጥተው ጀርባ ከማዞራችሁ ዝናቡ ይደርሳል። በ2011 ዓ.ም. እናቴ እንግዶቿን ባዶ እጃቸውን አልሸኝም ብላ ድልዙን ምድጃ ዳር አደረቀችው። ጭስ ጭስ የሚል በርበሬ ሆነ፤ ቶሮንቶ ሲደርስም ሻግቶ እኩሌታው እንደተጣለ ወንድሜ ከብዙ ጊዜ በኋላ እያፈረ ነገረኝ። እናቴ ይህን እስከ ዛሬ አታውቅም፤ ጋዜጣም አታነብምና ብጽፈው ችግር የለውም።

ማገዶውም፣ ጠላውም እንዲሁ ነው። መብራት በሚጠፋበት ቀን እንጀራ የሚጋገረው በእንጨትና በኩበት ነውና ከዝናቡ በፊት ደርቆ ጣራ ሥር መግባት አለበት፤ ጌሾውና ብቅሉም ቀድሞ መሰናዳት ይፈልጋል። ሰው ቤት በድንገት ሲገባ ይህ ሁሉ ዝግጅት ለአስተናጋጁ ድካም ብቻ ይመስለዋል። ለእናቴ ግን ልጇን መጠበቅ ማለት ይህ ነው። ለሦስት ወር በርበሬ እየቀነጠሰች፣ ለጎረቤት እየተናገረች፣ ቀን እየቆጠረች የምትደሰተውን ደስታ ነው ሰርፕራይዙ የሚነጥቃት።

አሁን ደግሞ ስለ ራሳችን ጥፋት ልናገር፤ እነሱ መምጣታቸውን ይደብቁናል ስንል እኛም የምንደብቃቸው አለንና። ወንድሜ ከመምጣቱ ከወራት በፊት የእናታችን ወንድም ዐርፈው ነበር። ብቻውን በሰው አገር አይስማ ብለን አልነገርነውም። በመጣ በሦስተኛው ቀን ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡና መርዶውን አረዱት። ወንድሜ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ ቤቱ በጩኸት ተናወጠ፤ ሕፃናቱ ከእንቅልፋቸው ባንነው አልጋ ሥር ገቡ። ለመዝናናት ነው ተብለው የመጡ ልጆች ከቀሩት ቀናት አብዛኛውን ለቅሶ ቤት ተቀምጠው አሳለፉ። ልማዱ ከደግነት የመጣ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ሰው ከነቤተሰቡ የሚመጣበትን ጉዞ በመርዶ ማስጀመር ዛሬ ላይ ልክ አይመስለኝም። አሁን እኛ ቤት የወሰንነው እዚያው ቶሮንቶ ያሉ የአገር ልጆች ተሰብስበው ቤቱ ሄደው እንዲነግሩት ነው፤ እዚህ ሲመጣ ደግሞ ለቅሶ የሚደርስባቸውን ቤቶች አስቀድሜ ጽፌ እልክለታለሁ። ዘንድሮ አምስት ቤት ነው። ልጆቹ እንዲህ ያለውን ነገር ቀድመው ካወቁ አይደነግጡም፤ አባታቸው ለምን በየቤቱ እንደሚያለቅስ ይረዳሉ።

ስለ ልብስ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ የእነሱ በጋ የእኛ ክረምት መሆኑን ማወቅ ይበቃል። ቦት ጫማ፣ ሹራብና የዝናብ ልብስ ይያዝ። ጂንስ ሱሪ በሐምሌ ታጥቦ ሦስት ቀን ገመድ ላይ ይውላል፤ በመጨረሻም በከሰል ካውያ ነው የሚደርቀው። በቪዲዮ የጥምቀትን በዓል አይተው የፋሲለደስ መዋኛን ለማየት የሚቸኩሉ ልጆችም ገንዳው ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ በሚመጣ ውሃ የሚሞላው ለጥር 11 መሆኑ ይነገራቸው፤ ያኔ የወንድሜ ልጆች የተቆለፈ በርና ባዶ ገንዳ አይተው አኩርፈውብኝ ተመልሰዋል። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣራ የሞሉት የመላእክት ፊቶች ግን ዝናብም ጾምም አይከለክላቸውም።

የመንገዱ ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልላችን ያለበት ሁኔታ የታወቀ ነው፤ ከአዲስ አበባ ጎንደር ያለው መንገድም ከ700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከልጆች ጋር የሚመጣ ሰው እስከ አዘዞ በአውሮፕላን ይምጣ፤ ወደ ደባርቅም ሆነ ወደ ጎርጎራ ለመውጣት ያሰበ እንደሆነ ከወራት በፊት ቀን ቆርጦ ለልጆቹ ቃል አይግባ፤ በዚያው ሳምንት እዚህ ያለውን ሰው ይጠይቅ። ጎንደር ራሷ ወይና ደጋ ናት፤ ወደ ቆላው የሚወርድ ግን የወባውን ነገር ከመነሳቱ በፊት ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር። የውጭ ፓስፖርት ለያዙት ልጆች ቪዛ ወይም በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የተፈቀደው መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ የሚባለው፣ እንደሚያስፈልግ ወላጆቹ ከእኔ የተሻለ ያውቁታል።

ዘንድሮ ወንድሜ በትንሣኤ ማግስት ደውሎ፣ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ቀን ጠየቀ። ርካሹ በረራ ረቡዕ ሐምሌ 8 ቀን የሚያደርሰው ነበር። እናቴ «ረቡዕማ ምን ላብላህ ነው? ሐሙስ ይሁን» አለችው፤ ትንሽ ጨምሮ የሐሙሱን ቆረጠ። የመድረሻ ሰዓቱን 9:40 ብሎ ሲልክልኝ በእናንተ ነው በእኛ ብዬ ጠይቄዋለሁ፤ ምክንያቱም አንድ ጊዜ የባለቤቱን ወንድም ልንቀበል ሄደን በሰዓት ልዩነት ስድስት ሰዓት ሙሉ አየር ማረፊያ ተገትረናል። ልጆቹም በየእሑዱ በስልክ ያወሩናል። ትንሹ ልጅ አማርኛን የሰማው አባቱ እሱን ሲያናግረው በመሆኑ ለሁሉም ሰው እንደ ወንድ ነው የሚናገረው። ባለፈው እሑድ አያቱን «እምዬ፣ በላህ?» አላት። «በላሁ ጌታዬ፣ አንተስ በላሽ?» ብላ መለሰችለትና እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እስከ ሐምሌ ድረስ አታርሙብኝ ብላለች።

ክቡር አዘጋጅ፣ ዘንድሮ የሰኔ ጾም ግንቦት 24 ቀን ይገባል፤ ዝናቡም ከዚያ ብዙ አይርቅም። የእኛ ቤት ዛላ በዚህ ሳምንት ተቀንጥሶ አልቆ ግቢው ውስጥ ተሰጥቷል፤ ይህን የምጽፈውም ዶሮ እየከለከልሁ ነው። ደብዳቤዬን የምታትሙት ከሆነ ፀሐዩ ሳያልፍ ቢወጣልኝ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንዲት ጡረተኛ መምህርት
ጎንደር፣ ግንቦት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.