ስለ ወገብሽ፣ ስለ አንገትሽና ስለ እኔ አፍ

ልጄ፣

ትናንት ማታ የላክሽልኝን ቪዲዮ ሦስት ጊዜ አየሁት። ሰውዬው ልጅቷን በጀርባዋ አስተኝቶ፣ አገጯን በፎጣ ጠምጥሞ አንዴ ሲስባት አንገቷ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቋ አለ፤ እሷም እየሳቀች ተነሳች። ከሥሩ «እማ፣ እኔንም ውሰጂኝ፣ አንገቴ ደርቋል» ብለሽ ጽፈሻል። በአፌ ብመልስልሽ አንቺ በርሽን ዘግተሽ፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ እየጮህኩ ነው የሚያልቀው። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል አልኩ።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። ካይሮፕራክተር ጋ፣ ማለትም እንደ ቪዲዮው ሰውዬ አከርካሪንና መገጣጠሚያን በእጅ እየገፋ የሚያክም ባለሙያ ጋ፣ እንሄዳለን። አንገትሽን ግን ማንም አያንቋቋውም። ምክንያቱን ለማስረዳት የዛሬ ሁለት ዓመት ወደ ሆነው ነገር መመለስ አለብኝ፤ ስለዚያ ነገር ደግሞ እስከ ዛሬ በወጉ ይቅርታ አልጠየቅሁሽም።

አሥራ አራት ዓመት በሞላሽ ሰሞን በአንድ ዓመት ውስጥ በቁመት በለጥሽኝ። የገዛንልሽ ሱሪ ሁሉ ሳይነተብ ያጥር ነበር። መጉበጥ የጀመርሽውም ያኔ ነው፤ እኔም «ቀጥ በይ!» ማለት የጀመርኩት ያኔ ነው። ስታጠኚ ቀጥ በይ፣ ስልክ ስታዪ ቀጥ በይ፣ እንግዳ ፊት ቀጥ በይ። በኋላ የክፍላችሁን ፎቶ አመጣሽ። የኋላው ረድፍ ላይ ጉልበትሽን ሸብረክ፣ ትከሻሽን እጥፍ አድርገሽ፣ ከጎንሽ ካሉት ልጆች ጋር እኩል ለመሆን ስትታገዪ ይታያል። ፎቶውን ሳየው ገባኝ፤ ቁመትሽን ስትደብቂ ነበር፣ እኔ ደግሞ በሰው ፊት እየጮህኩ ባሰብኩበት ቁጥር ይበልጥ እንድትደብቂው አደረግኩሽ። እኔም በአንቺ ዕድሜ ጡቴን ለመደበቅ እጎብጥ ነበር፤ እንዴት እንደረሳሁት እንጃ።

«ስልክ ላይ አቀርቅረሽ ስትውዪ አንገትሽ 27 ኪሎ ይሸከማል» እያልኩ ያስፈራራሁሽንም አልረሳሁም። ቁጥሩን ያወጣው አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው፣ በ2014 እ.ኤ.አ.፣ በኮምፒውተር ስሌት። አምስት ኪሎ ገደማ የሚመዝን ጭንቅላት 60 ዲግሪ ወደ ፊት ሲያዘነብል አንገት ላይ ምን ያህል ጫና ይፈጠራል ብሎ አሰላ እንጂ፣ የልጆችን አንገት ለክቶ «እነሆ ተጎዳ» አላለም። ጎብጦ መቀመጥ ብቻውን የጀርባ ሕመም እንደሚያመጣም ጥናቶች በወጉ ማሳየት አልቻሉም። ይልቅ የሚያደክመው በአንድ አኳኋን ተገትሮ መዋል ነው፤ ቀጥ ብሎም ቢሆን። ይህን ቀደም ብዬ ባውቅ ኖሮ «ቀጥ በይ» ከማለት «ተነሺና ተንቀሳቀሺ» እልሽ ነበር፤ እሱም ቢሆን ያናድድሽ ነበር፣ ግን ቢያንስ ትክክል ይሆናል።

እንግዲህ ወገብሽን ማመም ሲጀምር በእኔ ጭንቅላት ውስጥ ጥፋተኛው አስቀድሞ ተፈርዶበት ነበር፦ ስልኩና ጉብጠቱ። አንቺ «ከመረብ ኳስ ልምምድ በኋላ ነው የሚብሰኝ» ስትዪ በጆሮዬ ገባ፣ በሌላው ወጣ። ሰው ጠቁሞኝ ወደ መጀመሪያው ካይሮፕራክተር ወሰድኩሽ። ሰውዬው የት እንደሚያምሽ በቅጡ ሳይጠይቅ ራጅ አነሳሽ። ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅሎ በቀይ እስክሪብቶ መስመር አሰመረበትና «አከርካሪዋ ተዛንፏል» አለኝ። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በጠቅላላው 24 ጊዜ እንድትመላለሺ፣ ክፍያውም በቅድሚያ እንዲሆን የሚል ወረቀት አቀረበልኝ። ፈርቼ ነበር፤ ፈረምኩ። በጎንሽ አስተኝቶ፣ ትከሻሽን ወደ አንድ ወገን ዳሌሽን ወደ ሌላው ገፋ ሲያደርግ ወገብሽ ቋ አለ። የእኔ ወገብ የተፈታ ይመስል ረጅም ትንፋሽ ተነፈስኩ።

ስለዚያ ድምፅ በኋላ ብዙ አነበብኩ። አጥንት ወደ ቦታው ሲመለስ የሚሰማ አይደለም። በመገጣጠሚያ ውስጥ የሚያለሰልስ ፈሳሽ አለ፤ መገጣጠሚያው በድንገት ሲለጠጥ እዚያ ፈሳሽ ውስጥ የጋዝ ክፍተት ይፈጠራል፤ ድምፁም ያኔ ይሰማል። በ2015 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ጣት ሲንቋቋ በኤም አር አይ፣ የሰውነትን ውስጥ በማግኔት በሚያነሳው መሣሪያ፣ ቀርጸው አሳይተውታል። ወጌ ላይ ደርሻለሁና ይህንንም ስሚ፦ ዶናልድ አንገር የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነበር። ልጅ ሆኖ እናቱ «ጣትህን አታንቋቋ፣ ቁርጥማት ይይዝሃል» ትለዋለች። ልጅየው የእናቱን ቃል ለመፈተን 50 ዓመት ሙሉ የግራ እጁን ጣቶች ብቻ ሲያንቋቋ ኖረ። በ1998 እ.ኤ.አ. ሁለቱን እጆቹን አወዳድሮ ልዩነት እንደሌላቸው ጻፈ። አንቺም የእሱ ዘር ሳትሆኚ አትቀሪም። ለማንኛውም፣ የድምፁ መኖር ፈውስ አይደለም፣ አለመኖሩም ጉዳት አይደለም። ለሁለት ቀን ቀለል ይልሽ የነበረው እውነት ነው፤ ዙሪያው ያለው ጡንቻ ለጊዜው ይላላል። በሦስተኛው ቀን ሜዳ ገብተሽ ስትዘዪ እንደገና።

ከስድስተኛው ቀጠሮ በኋላ ከዝላይ ስትወርጂ ፊትሽ ሲጨማደድ ከተመልካች መቀመጫ ላይ አየሁ። አባትሽ ነው «ሌላ ሰው ይያት» ያለው። ሁለተኛዋም ካይሮፕራክተር ናት፤ ይህን አትርሺ፣ ሙያው አንድ ነው። እሷ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስትጠይቅሽ ብቻ ቆየች። በአንድ ልምምድ ስንት ጊዜ ዘለሽ ትመቺያለሽ? ስትጎነበሺ ነው የሚያምሽ ስትለጠጪ? ሌሊት ከእንቅልፍ ያባንንሻል? ትኩሳት አለ? እግርሽ ይደነዝዛል? ሽንትሽን መቆጣጠር ያቅትሻል? የመጨረሻዋ ላይ አፍረሽ ወደ እኔ አየሽ፤ እኔም አፈርኩ። አሁን እንደማውቀው ከእነዚህ የመጨረሻዎቹ አንዱ እንኳ «አዎ» ከሆነ ቀጥታ ሐኪም ቤት ነው እንጂ የሚታሽ ነገር የለም።

ከዚያ አቆመችሽ። ወደ ፊት ጎንበስ አስደርጋ ከኋላሽ ሆና ጀርባሽን አየች፤ አንዱ የጎድን ወገን ከሌላው ከፍ ይላል ወይ ብላ። የመጀመሪያውን ራጅ አውጥታ ለካችውና ያ በቀይ የተሰመረው «መዛነፍ» ጥቂት ዲግሪ ሆነ። ስኮሊዮሲስ፣ ማለትም የአከርካሪ ወደ ጎን መጣመም፣ ለመባል ቢያንስ 10 ዲግሪ መድረስ አለበት። ቢሆን ኖሮም በማንቋቋት አይቃናም ነበር። ብሬስ፣ ያንን አከርካሪ የሚደግፍ ጠንካራ ማሰሪያ፣ የምታደርገውን ጓደኛሽን የሚጠቅማት ብሬሱ ነው፤ በ2013 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ብሬስ ካደረጉት ልጆች 72 በመቶው የአከርካሪያቸው መጣመም ለቀዶ ሕክምና ሳይደርስ እድገታቸውን ጨርሰዋል፣ ካላደረጉት 48 በመቶው። ስትማረርበት ይህን ንገሪያት።

ቀጥላ «በቀኝ እግርሽ ብቻ ቁሚ፣ ወደ ኋላ ተለጠጪ» አለችሽ። «አይ!» ብለሽ እጅሽን ወገብሽ ላይ አደረግሽ። በአውራ ጣትሽ ያሳየሽው ቦታ ሳንቲም አያህልም። ሴትዮዋ እጇን ታጠበችና «ዛሬ ምንም አላደርግልሽም። መጀመሪያ ኤም አር አይ ትነሺ» ብላ ለሐኪም የሚሰጥ ደብዳቤ ጻፈች። ያን ቀን ያልነካችሽ እጅ፣ ስድስት ጊዜ ካንቋቋሽ እጅ የበለጠ ጠቀመሽ።

ውጤቱን ታውቂዋለሽ፤ አምስተኛው የወገብ አጥንት ላይ የድካም ስንጥቅ። ከእያንዳንዱ የአከርካሪ አጥንት ጀርባ ቀጭን ድልድይ የመሰለች አጥንት አለች። ወደ ኋላ መለጠጥና መጠማዘዝ ሲደጋገም፣ ሽቦ ሲተጣጠፍ እንደሚሰነጠቀው፣ እሷም ትሰነጠቃለች። በጅምናስቲክ፣ በመረብ ኳስ፣ በእግር ኳስ ወጣቶች ላይ የታወቀ ነገር ነው። መድኃኒቱ እረፍት ነው፤ ሦስት ወር ያለ ኳስ። እንዴት እንዳለቀስሽ! በአራት እግርሽ ተንበርክከሽ ተቃራኒ እጅና እግርሽን እየዘረጋሽ ስትቆጥሪ፣ «ይሄ የሕፃን ጨዋታ ነው» እያልሽ፣ ላብሽ ግን ምንጣፉ ላይ ጠብ ጠብ ይል ነበር። በእንቅስቃሴ የሚያክምሽ ፊዚዮቴራፒስት መጀመሪያ ያለ ዝላይ፣ ቀጥሎ በጥቂት ዝላይ መለሰሽ።

ስንጥቁን የመጀመሪያው ሰውዬ አመጣው አልልም፤ ኳሱ ነው ያመጣው። እሱ ጊዜ አባከነብን፣ እኔ ደግሞ ጊዜውን ገዛሁለት። አንቺ ከመጀመሪያው ቀን ትክክለኛውን ነግረሽኝ ነበር። ይቅርታሽን እፈልጋለሁ።

አሁን ወደ አንገትሽ። ሙያውን በጅምላ አላወግዝም። አጀማመሩ እንግዳ እንደሆነ አይካድም፤ ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር የሚባል ሰው በ1895 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የአንድ ጽዳት ሠራተኛ ጀርባ ተጭኜ መስማት አስቻልኩት ብሎ ነው የጀመረው። ጆሮ ከጀርባ ጋር ምን እንዳገናኘው እሱ ይወቅ። ዛሬ ግን የወገብ ሕመም ላለበት አዋቂ የእጅ ሕክምናው ከሌሎቹ ከሚመከሩት ሕክምናዎች ጋር ተቀራራቢ ውጤት አለው። በእናንተ ዕድሜ ላይ የተሠራው ጥናት ጥቂት ነው። አንድ ደህና ያልኩት በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ ወገባቸውን ለረጅም ጊዜ ያመማቸውን 185 ልጆች ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹን እንቅስቃሴ ብቻ፣ ግማሾቹን እንቅስቃሴና የእጅ ሕክምና አንድ ላይ ሰጣቸው። ሁለቱም ተሻላቸው። ሦስት ወር ሲሞላ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበራቸውም፤ ዓመት ሲሞላ ግን የእጅ ሕክምና የተጨመረላቸው ሕመማቸው በመጠኑ ቀነሰ። ሁለቱም ቡድን ጋ እንቅስቃሴ እንዳለ አስተውዪልኝ፤ ስንፍናሽን አውቀዋለሁና።

ይህ ሁሉ የወገብ ነው። አንገት ሌላ ነገር ነው። ወደ አንጎል ደም ከሚወስዱት ሥሮች ሁለቱ በአንገት አጥንቶች ቀዳዳ ውስጥ ሽቅብ ያልፋሉ። አንገት በድንገት ሲጠመዘዝ አልፎ አልፎ የደም ሥሩ ግድግዳ ተቀዶ ስትሮክ፣ ማለትም ወደ አንጎል የሚሄደው ደም መቋረጥ፣ ይከተላል። በጣም ብርቅ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ፈተና ሲደርስ አልጋ ላይ ተጋድመሽ እስከ እኩለ ሌሊት ስልክ በማየት ለደረቀ አንገት ይህን ያህል እንኳ አደጋ አልቀበልም። በቀን ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት መተኛት የሚገባው ሰው ስድስት ሰዓት ሲተኛ ምኑ ይለሰልሳል? ቪዲዮው ላይ ያለችው ልጅ በማግስቱ ምን እንደሆነች ደግሞ ማንም አላሳየሽም።

ለማክሰኞ ሁለተኛዋ ጋ ቀጠሮ ይዣለሁ። ሰፊ ሱሪ ልበሺ። መቼ መቼ እንደሚደርቅብሽ እስከዚያ በደብተርሽ ጻፊ፤ ጠዋት ነው? ከልምምድ በኋላ ነው? ወደ ግራ ስትዞሪ ነው? «በእጅ ከማንቋቋት ሌላ ምን አለ?» ብለሽ ራስሽ ጠይቂያት። ምን ልታደርግ እንደሆነ ሳትነግርሽ እጇን ካነሳች «ቆይ» ማለት ትችያለሽ፤ ለትልቅ ሰው «ቆይ» ማለት ነውር ነው ብዬ ያስተማርኩሽን ለዚህ ጉዳይ ሰርዣለሁ።

እኔም አብሬሽ እገባለሁ፤ ገና አሥራ ስድስት ዓመትሽ ነው፣ ውጭ አልቀመጥም። ግን ጥጉ ላይ ቁጭ ብዬ ዝም እላለሁ። «ስልክ ነው ዶክተር» ብዬ ጣልቃ ከገባሁ በክርንሽ ጎሸም አድርጊኝ።

እናትሽ