የሞተው ሰውዬ ሞንታግ አይደለም

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ሳይንሳዊ ልቦለድ ከተሞች ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሽብር፣ ሙስናና የተጠመዘዘ ዜና በእነዚያ ከተሞች እንዴት እንደተሳሉ የሚያወራውን ማለቴ ነው። ብዙ ሰው ስለተቀባበለው ይዘቱን መድገም አያስፈልግም። መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር። እንዲህ ያሉ ልቦለዶችን የልጅ ጨዋታ ሳያደርግ በቁም ነገር የሚጽፍ ሰው ሳገኝ ሁሌም ደስ ይለኛል። ከዚያ ስለ ፋራናይት 451 የሚያወራው አንቀጽ ላይ ደረስኩ።

አንቀጹ ተፈላጊው ሞንታግ በመጨረሻ በካሜራ ፊት ተይዞ ተገደለ፣ አደኑም አበቃ ይላል።

ሞንታግ አልሞተም። የሞተው ሌላ ሰው ነው።

መጽሐፉን ላላነበበ ላስረዳ። ሬይ ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመው ልቦለድ ነው። በዚያች ከተማ የእሳት አደጋ ሠራተኞች እሳት አያጠፉም፤ መጽሐፍ ያቃጥላሉ። ሞንታግ ከእነሱ አንዱ ነው። መጽሐፍ መደበቅ ይጀምራል፣ ይጋለጣል፣ አለቃውን ገድሎ ይሸሻል። ሄሊኮፕተሮች ይነሳሉ። ስምንት እግር ያለው ሜካኒካል ውሻ በጠረኑ ዱካውን እየተከተለ ይለቀቃል። አደኑ በየሳሎኑ ግድግዳውን ሙሉ በያዘው ስክሪን በቀጥታ ይተላለፋል። የከተማው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ በሩን ከፍቶ ወደ ውጭ እንዲያይ ይነገረዋል። ሞንታግ ግን ወንዙ ውስጥ ገብቶ ያመልጣል። ውሻው ጠረኑን ያጣል።

ፖሊሶቹ አመለጠን ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም። ተመልካቹ መጨረሻውን እየጠበቀ ነው፤ ብዙ ካቆዩት ይሰለቻል። ስለዚህ ሌላ ሰው ይፈልጋሉ። በጠዋት ብቻውን በእግሩ የሚወጣ፣ ይህ ልማዱም በፖሊስ መዝገብ ላይ የሰፈረ ሰው። ሰውየው ሲጋራውን ይዞ ይመጣል። ምን እንደመጣበት አያውቅም። ካሜራው ወደ እሱ ይዞራል፣ ውሻው ይዘልበታል። ምስሉ ፊቱ በደንብ እንዳይለይ ሆን ተብሎ ይደበዝዛል። ወዲያው ሞንታግ ሞቷል የሚል ዜና ይነበባል።

ዘገባችሁ የደገመው ያንን ዜና ነው። የዚያች ከተማ ቴሌቪዥን ከ70 ዓመት በፊት በልቦለድ ውስጥ የዋሸውን፣ እናንተ እውነት ነው ብላችሁ አተማችሁት።

ለዝግጅት ክፍላችሁ አጭር መልእክት ልኬ ነበር። በሁለተኛው ቀን መልስ መጣልኝ። ትንሽ ዝርዝር ነው፣ የጽሑፉን ዋና ሐሳብ አይለውጠውም የሚል። ይህን ረጅም ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያ መልስ ነው።

እስቲ ረጋ ብለን እናስበው። ጽሑፉ የተነሳበት ሐሳብ ሥልጣን ላይ ያሉ ሰዎች በዜና አማካይነት ሕዝብን እንዴት እንደሚያታልሉ ማሳየት ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ለዚህ ከሁሉም የበለጠ ማስረጃ የሚሆነው ይሄ ትዕይንት ነው። እናንተ ደግሞ ማስረጃውን ገለበጣችሁት። ስለ ሌብነት የሚጽፍ ሰው ሌባውን የዕቃው ባለቤት ነው ብሎ ቢጽፍ፣ ዋናው ሐሳብ አልተለወጠም ይባላል? አንባቢ ጽሑፋችሁን ሲጨርስ ስለዚያች ከተማ የሚያውቀው የከተማዋ ፖሊስ እንዲያውቅለት የፈለገውን ነው። ከዚህ የባሰ ስህተት ምን አለ?

ጸሐፊው መጽሐፉን ሳይሆን የመጽሐፉን ማጠቃለያ አንብበው ይሆናል። ወይም ገጹን በችኮላ አልፈውታል። ሰው ነውና ይሳሳታል፤ በዚህ አልፈርድም። ዜናው ራሱ የተሠራው እንዲታመን ተደርጎ ነው። ስም አለው፣ ምስል አለው፣ መጨረሻ አለው። የጎደለው ፊት ብቻ ነው። ያንን ፊት አላየንም ብለው የሚያነሱት በመጽሐፉ ውስጥ ከወንዙ ማዶ እሳት ከበው የተቀመጡት ስደተኞች ናቸው። ጸሐፊውም አላነሱትም፣ ጽሑፉን ያረመላቸውም ሰው አላነሳውም። ስህተት መሥራት አንድ ነገር ነው። ከተነገራችሁ በኋላ ትንሽ ነው ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ይሄን ያህል የምቆጣበት ምክንያት አለኝ።

ከዓመታት በፊት የሌሊት ሥራ ነበረኝ። ንጋት ላይ በእግሬ ወደ ቤት እሄዳለሁ። አንድ ቀን መንገድ ላይ ፍተሻ ገጠመኝ። በዋዜማው ፍንዳታ ነበር፤ ፖሊሶች ያገኙትን መንገደኛ ሁሉ ግድግዳ እያስያዙ ይፈትሻሉ። እኔም ቦርሳዬን መሬት አስቀምጬ እጄን ግድግዳው ላይ አደረግኩ። ከግራ ሦስተኛው እኔ ነበርኩ። ቦርሳዬ ውስጥ የነበረው ሹራብና ባዶ የምሳ ዕቃ ነው። ሃያ ደቂቃ እንኳ አልቆየሁም፤ መታወቂያዬን መልሰውልኝ ሂድ አሉኝ። ስሄድ ካሜራ የያዘ ሰው አየሁ። ከቁብም አልቆጠርኩት።

ማታ እህቴ ደወለች። ድምጿ ይንቀጠቀጣል። የት ነህ ነው ያለችኝ። ግድግዳ ይዘን የተነሳነው ፎቶ ወጥቷል። ከሥሩ ከፍንዳታው ጋር በተያያዘ የተያዙ ተጠርጣሪዎች ይላል። እኔ አልጋዬ ላይ ተኝቻለሁ። በዜናው ግን ታስሬያለሁ።

ፎቶውን ላወጡት ሰዎች ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ከፖሊስ የመጣ ነው አለችኝ። ፖሊስ ጋ ስሄድ ደግሞ እኛ ለማንም ፎቶ አንሰጥም አሉኝ። እንደገና ደወልኩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። ነገም ስብሰባ ላይ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ፎቶው ጠፋ። እርማት የለም፣ ይቅርታ የለም፣ ዝም ብሎ ጠፋ። እስከዚያ ድረስ ያየ አይቷል፣ ለሌላ የላከም ልኳል። ኮንትራቴ ሲያልቅ አላደሱልኝም፤ ለምን ብዬ ብጠይቅ ምክንያቱን የሚነግረኝ አላገኘሁም። እኔ ሳልፍ ልጆቿን ወደ ቤት የምትጠራ ጎረቤት ነበረችኝ። ዛሬም አልፎ አልፎ ሰው ያስቆመኛል፤ አንተን የሆነ ቦታ አውቅሃለሁ ይለኛል። የት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

ፋራናይት 451ን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሲጋራ የያዘው ሰውዬ ጋ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ስሙ የትም ቦታ አይነገርም። ቤተሰብ ይኑረው አይኑረው አናውቅም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን፤ የዚያ ሰውዬ መቃብር ላይ የተጻፈው ግን የሌላ ሰው ስም ነው።

ልቦለድ ነው እንዳትሉኝ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 22 ቀን 2005 ለንደን ውስጥ፣ ስቶክዌል የሚባል የባቡር ጣቢያ ላይ ፖሊሶች ዣን ቻርልስ ደ ሜኔዜስ የተባለ የ27 ዓመት ብራዚላዊ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ገደሉ። ከሁለት ሳምንት በፊት ከተማዋ ውስጥ 52 ሰው የሞተበት የቦምብ ጥቃት ደርሷል። በዋዜማው ደግሞ ሌላ ጥቃት ተሞክሮ ከሽፏል። ፖሊሶቹ ከሚፈልጓቸው ሰዎች አንዱ መስሏቸው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የወጣው ዜና ወፍራም ካፖርት ለብሶ ነበር፣ የመግቢያውን በር ዘሎ ሮጠ የሚል ነበር። በኋላ ሲጣራ የለበሰው ቀለል ያለ የጂንስ ጃኬት ነው። በሩንም የገባው እንደማንኛውም ተሳፋሪ ካርዱን አስነክቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የለንደን ፖሊስ በሥራ ላይ ደኅንነት ሕግ ጥፋተኛ ተብሎ 175,000 ፓውንድ ተቀጣ። በግድያው በግል የተከሰሰ ፖሊስ የለም። ያ ካፖርት ግን እስከ ዛሬ በሰዎች ጭንቅላት ውስጥ አለ። ሰውየው ካፖርት አልለበሰም ነበር ስላቸው የሚከራከሩኝ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ሪቻርድ ጄዌልም አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ኦሎምፒክ የጥበቃ ሠራተኛ ነበር። ቦምብ ያለበትን ቦርሳ ያየው እሱ ነው፤ ሰዎችን ከአካባቢው ያራቀውም እሱ ነው። በቀናት ውስጥ ዋና ተጠርጣሪ ተብሎ በየዜናው ወጣ። ከጥርጣሬው ነፃ የተባለው ከ88 ቀን በኋላ ነው። ቦምቡን ያስቀመጠው ሰው ጥፋቱን ያመነው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ሰማንያ ስምንት ቀን ሲባል በወሬ ቀላል ነው። እኔ ሃያ አንዱን ቀን አውቀዋለሁ።

ወደ ዘገባችሁ ልመለስ፤ ሌላም የከነከነኝ ነገር አለ። የእነዚህን ከተሞች ነዋሪዎች የታያቸውን ሁሉ የሚውጡ ደደቦች አድርጎ ስሏቸዋል። ደደብ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1927ቱ የፍሪትዝ ላንግ ፊልም በሜትሮፖሊስ የከተማዋ ገዥ ሠራተኞቹ የሚያምኗትን የማሪያን መልክ ለሮቦት እንዲሰጥ ያዝዛል። ሠራተኞቹ ሮቦቷን ተከትለው ማሽኖቹን የሰበሩት ሞኝ ስለሆኑ ነው? የሚያውቁትን ፊት ስላዩ ነው። ማሪያን ፊቷን ሰረቁባት። ሲጋራ የያዘውን ሰውዬ ፊቱን አደበዘዙበት። ሁለቱም ቦታ የተታለለው ሰው ዓይኑ ደህና ነበር። እህቴም ደደብ አይደለችም። ፎቶውን አይታ የወንድሟን ጀርባ ለየች፤ ከሥሩ የተጻፈውን አምና አለቀሰች። ጥፋቱ የጻፈው ሰው ነው።

ሽብሩን በተመለከተም ዘገባው ጠላት ሁልጊዜ ከውጭ ይመጣል እንደማለት ያህል ጽፏል። 1984 በተባለው የጆርጅ ኦርዌል ልቦለድ ለንደን ላይ በየጊዜው ሮኬት ይወድቃል። የዋናው ገጸ ባሕርይ የዊንስተን ፍቅረኛ ጁሊያ ግን ሮኬቱን የሚተኩሰው መንግሥት ራሱ ሳይሆን አይቀርም፣ ሕዝቡ እንደፈራ እንዲኖር ነው ትላለች። ዊንስተን እንዲህ ያለ ነገር አስቦ አያውቅም። መጽሐፉ ልክ ናት አይልም፤ ተሳስታለችም አይልም። አንባቢው ጥያቄውን ይዞ ይቀራል። ዘገባችሁ ጥያቄውን አንስቶ ጥሎታል።

ሙስናውንም ጸሐፊው በገንዘብ ብቻ ነው የፈለጉት። ጉቦ ስላላገኙ በፋራናይት 451 ከተማ ሙስና ብዙም አይታይም ብለው አልፈዋል። እዚያ ፖሊስና ቴሌቪዥን አብረው ይሠራሉ። አንዱ ሬሳ ያቀርባል፣ ሌላው ስም ይሰጠዋል፤ ፕሮግራሙም በሰዓቱ ያልቃል። ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩትን ሁለት ሰዎች የሞንታግ ሚስት ጓደኞች የሚለዩዋቸው በቁመታቸው፣ በጢማቸው አላላጭና በፀጉራቸው አበጣጠር ነው። መልከ መልካሙን መረጥን ይላሉ። አንድም ብር ከእጅ ወደ እጅ ሳያልፍ ከተማዋ ተሸጣለች። ሙስና ይሄ ካልሆነ ሌላ ምንድን ነው?

ክቡር አዘጋጅ፣ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ጽሑፉ ውስጥ ገብታችሁ ዝም ብላችሁ እንዳታስተካክሉት። የእኔም ፎቶ የጠፋው እንደዚያ ነው። እርማቱ ስህተቱ በወጣበት ቦታ፣ በዚያው የፊደል መጠን ይውጣ። አረፍተ ነገሩን እኔ ጽፌላችኋለሁ፤ እንዳለ ልትወስዱት ትችላላችሁ፦

በካሜራ ፊት የተገደለው ሞንታግ አይደለም። በጠዋት በእግሩ የወጣ፣ ምንም ያላደረገ ሰው ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ
(ስሜና ስልክ ቁጥሬ ለዝግጅት ክፍሉ ተልኳል)